ከክፍልሽ የማይጣል አንድ ዕቃ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? የምትረግጪው መሬት ይለዝብልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ጉልበቱን ተሽሎታል። የወንድምሽ ልጆች እኛ ጋ ሊኖሩ ስለሆነ፣ በስልክ እንደተነጋገርነው ክፍልሽን ባዶ ማድረግ ጀምረናል።

አክስትሽ ጆንያ ይዛ መጣች። ከአልጋው ሥር ጫማ እየጎተተች፣ «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ስንት እግር ነበራት?» አለችኝ። ሳቅን። ያጠረሽ ቀሚስ፣ የደረቀ ቀለም፣ ዓይን የሌለው አሻንጉሊት፣ ሁሉም ገባ። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ የከተተችውን አወጣለሁ። «አንቺ ሴትዮ፣ እየጠረግን ነው ወይስ እየቆፈርን?» ብላ ተቆጣችኝ።

ፍርሃቴን አልነገርኳትም። «እማዬ፣ ሁሉንም ጣይው፣ ምንም አልፈልግም» ስትይኝ ድምፅሽ ቀላል ነበር። ሊመለስ ያሰበ ሰው እንዲህ ይላል? ይል ይሆናል፣ እኔ እንጃ። ትናንት ባዶው መደርደሪያ ፊት ቆሜ አቧራው ላይ የመጽሐፎችሽን ቅርጽ አየሁ። ጨርቁን ይዤ መወልወል አቃተኝ።

ልጆቹ ሲመጡ ክፍሉ ይሞላል፤ እሱስ ደስ ይለኛል። ሳትበዪ አትውጪ፣ ሲመሽ ብቻሽን አትሂጂ። ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም፣ የልብሽን ይሙላልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ከዕቃሽ አንዱን «እሱን እንዳትነኪብኝ» በይኝ። አንገቱ የተሰበረው የጠረጴዛ መብራትሽም ቢሆን ይሁን። ጆንያውን እስካሁን ከበር አላስወጣሁትም።

እናትሽ