የልምምዱ በሽተኛ

ይድረስ ለልጄ፤ ሰላምታችን ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እኛ ደህና ነን። ስልክ የማታነሺው ሥራ በዝቶብሽ እንደሆነ ለእናትሽ ነግሬያታለሁ።

አንቺ ልታክሚው የሄድሽው ወረርሽኝ ወደዚህ ቢመጣ ብሎ ሆስፒታላችን ልምምድ አደረገ። በሽተኛ ሆኜ የተኛሁት እኔ ነበርኩ። እናትሽ እንኳ፣ «ማቃሰት እንደሆን ማን ይችልሃል» ብላ ሳቀችልኝ።

ከራሷ እስከ እግሯ የተሸፈነች ነርስ መጥታ፣ «አባባ፣ ለማን እንደውልልዎ?» አለችኝ። ስምሽን ጠራሁ። ልምምድ መሆኑን ረስቼ እጇን አጥብቄ ያዝኩ። «አባባ፣ አልቋል፤ ይነሱ» ስትለኝም አልለቀቅኳትም። ጭምብሏን እስክታወልቅ ጠበቅኩ።

የሌላ ሰው ልጅ ነበረች።

እናትሽ አገላብጣ ትስምሻለች። ሌላ ሰው ቢጽፍልሽም ግድ የለም፤ አንድ ቃል ላኪልን።

አባትሽ