አውሮፕላንህ አለቀ

ሐሙስ፣ ጥር 21። ጠዋት የወጣ፦ ነጭ የውሃ ቀለም አምስት ባልዲ፣ ክሬም ሁለት፣ የዘይት ቀለም ሦስት ጋሎን፣ ቲነር፣ ሮለር። የሠርግ ወር ስለሆነ ሁሉም ግድግዳውን እያስቀባ ነው። ክዳኑ ተሰንጥቆ የመጣ አንድ ባልዲ አለ፣ ለአስመጪው ይመለሳል።

ለአስፋው፣ ለቤቴ ጌታ፣

ከተለያየን ሰባት ወር አልፎ ስምንተኛው ተያይዟል። እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ የምጽፈው የሱቁን ውሎ ብቻ ነበር። ዛሬ ላንተ የምጽፈው የምነግርህ ነገር ስላለ ነው። አውሮፕላንህ አለቀ። እሱ ሲያልቅ ደግሞ አባትህን የምናቆይበት ምክንያት አብሮ አለቀ።

ከቤት ልጀምር። የተቃጠለ ዲናሞ በሽቦ ትጠመዝዝበት የነበረውን ክፍል ለስልክ ጠጋኝ አከራየሁት። ሸጋ ልጅ ነው፣ ሬዲዮ ማስጮኹ እንጂ። የመዳብ ሽቦህን ሸጥኩ። ወረንጦዎችህንና ማጉያ መስታወት ያለበትን መብራት ግን አልሸጥኩም፤ ለምን እንዳስቀረኋቸው ስትጨርስ ትረዳለህ። የውሃ ታንከሩ ተቀይሯል። ደጃፉ ላይ የነበረው ግራር ተቆርጦ መንገዱ ሰፍቷል። እኔ ደህና ነኝ።

አባትህ መርዶህን እስከ ዛሬ አልሰሙም። አንተ በዚያ ማለዳ ደረቴን ብለህ ስታርፍ፣ እሳቸው የዓይን ሞራቸው ከተገፈፈ ሳምንት አልሞላቸውም ነበር። ከሆስፒታል አውጥተህ ከእህትህ ከጥሩወርቅ ጋር ወደ አገራቸው ወደ መካነ ብርሃን የሸኘሃቸው አንተው ነህ። ሐኪሙ እንዳይጎነበሱ፣ ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ ከሁሉ በላይ እንዳያለቅሱ ብሎ ነበር። ወንድምህ ደርቤ «ቁስሉ እስኪሽር ይቆይ» አለ፤ ሁላችንም ተስማማን። ቁስሉ ሻረ፣ ክረምት ገባ። ከክረምት በኋላ መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋ ጀመር። ከዚያ አጨዳ ነው ተባለ፣ ከዚያ ጾም፣ ከዚያ ገና፣ ከዚያ ጥምቀት። አርባህን እዚህ ጎንደር ያለ እሳቸው አወጣን። ጥሩወርቅ በውጭ ጥቁር ለብሳ ትውልና ከአጥሩ ጥግ አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ ወደ ቤት ትገባለች። ዓይናቸው ስለበራ ያዩታላ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ትንፍሽ ያለ ግን የለም።

ያን ጊዜ ሁሉ ለእሳቸው የተነገራቸው አንድ ነገር ነው፦ አስፋው አውሮፕላኑን እየጨረሰ ነው፣ ሲጨርስ ይዞት ይመጣል። መጀመሪያ ያለችው ጥሩወርቅ ናት። «ምነው፣ ልጄ ድምፁ ጠፋሳ?» ሲሏት አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። በማግሥቱ ለእኔ ደወሉ። እኔም «አያ፣ እጁ ሙጫ ነው፣ ስልክ ሊይዝ አይችልም» አልኳቸው። ያን ቀን ሳቁ። በሌላው ቀን ስደግመው አልሳቁም።

አውሮፕላኑን ማን እንዳስጀመረህ መቼም አትረሳም። በጣሊያን ጊዜ ገና ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ጋር እህል ጭነው አዘዞ ወርደው፣ ሜዳው ላይ የቆመ የጦር አውሮፕላን አይተዋል። ክንፉ በክንፍ ላይ የተደረበ፣ ለነጂው ጣራ የሌለው፣ እግሮቹም ሱሪ የታጠቁ ናቸው ይሉ ነበር። በዚህ ሱሪ ነገር ያልሳቀባቸው ሰው የለም። ሰርግ ላይ ሳይቀር «አያ ውብነህ፣ እስኪ ሱሪ ስለለበሰው አውሮፕላን ይንገሩን» ይሏቸው ነበር። አንተም ትስቅ ነበር። ተገጣጣሚ የፕላስቲክ አውሮፕላን ያለበትን ሣጥን ከዱባይ ብሩሽ በሚያመጣልኝ ነጋዴ እጅ ያስመጣሁልህ ዕለት ግን፣ ሥዕሉን ከፍተህ የጎማዎቹን መሸፈኛ ስታይ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አስጠጋኸው። ከዚያ «ሙሉ፣ እውነት ነው፤ ሱሪ አለው» አልክ። ወዲያው ደውለህ ይቅርታ ጠየቅካቸው። «ዓይንህ ሲድን ሠርቼ አሳይሃለሁ» ያልካቸውም በዚያው ስልክ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘርግተህ ትቀመጥ ነበር። እኔ ለዚያ ሁሉ ስብርባሪ ፕላስቲክ ያን ያህል ትዕግሥት ከየት ታመጣለህ ብዬ አጉረመርም ነበር። አንተ ዲናሞ ከመጠምዘዝ ይቀላል፣ ቢያንስ ባለቤቱ ቆሞ አይጨቀጭቅም ትለኛለህ። ቀለሙን ለእኔ እንደምትተው ነግረኸኝ ነበር። የቀሩትን ግን አልነገርከኝም።

የተውከው ይህን ነው፦ ገላው ተጋጥሟል፣ ሞተሩ ገብቷል፣ የነጂው መቀመጫ በቀበቶው ሳይቀር ተሠርቷል፣ የታችኛው ክንፍ ቀጥ ብሎ ተጣብቋል። የቀሩት የላይኛው ክንፍ፣ ሁለቱን የሚያያይዙት ቋሚዎች፣ ጎማዎቹና ቀለሙ ነበሩ።

የጀመርኩት በጥቅምት ነው። አንድ ዕቃ እያለቀ ነው ብዬ ለሰው ከተናገርኩ ዕቃው ማለቅ አለበት፤ በሱቄም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ቀለሙን በሱቁ ቲነር አቅጥኜ ክፍሎቹ ተነቅለው በተረፈው ፍሬም ላይ ሞከርኩት። ፕላስቲኩ እንደ ሻማ ለሰለሰ። ገላው ላይ ጀምሬው ቢሆን ሥራህን አቅልጬው ነበር። ስለዚህ የውሃ ቀለሙን ያዝኩ፤ ክሬሙን ከቢጫና ከትንሽ ቡናማ ጋር በጥብጬ የአሸዋ መልክ አወጣሁለት። አረንጓዴውን ነጠብጣብ ክብሪት እንጨት ላይ ጥጥ ጠምጥሜ ነካ ነካ አደረግሁ። ያን ዕለት ቀለም ቀቢው ፈንታ ለሥራ ዕቃ ሊወስድ መጥቶ አየኝ። «እቴ ሙሉ፣ ይሄ ደግሞ የማን ሰርግ ቤት ነው? እኔን ብትጠሪኝ በሁለት ሮለር እጨርሰው ነበር» አለኝ። የማን እንደሆነ ሲያውቅ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ከዚያ ከልጁ የሥዕል ዕቃ አንድ ቀጭን ብሩሽ አምጥቶ ሰጠኝ።

የላይኛው ክንፍ በጣም አስቸገረኝ። አንዱን ቋሚ ሳስገባ ሌላው ይወጣል። ሦስት ጊዜ ወደቀ። በመጨረሻ ከሥሩ የክብሪት ቀፎዎች ደርድሬ፣ ክንፉን በእነሱ ላይ አሳርፌ፣ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ በወረንጦህ አስገባሁ፤ እስከ ማግሥቱም አልነካሁትም። ውሃ ውስጥ ነክረው ገላው ላይ ከሚለጥፉት ተለጣፊ ምልክቶች አንዱ ጠማማ ሆኗል። እንዳይቀደድ ብዬ ተውኩት።

ከዚያ አንድ ጎማ ቀረ። ሙጫው አለ፣ ጎማው አለ፣ ሱሪውም አለ፤ የደቂቃ ሥራ ነበር። ከገና በፊት ጀምሮ አልሠራሁትም። ሰበቡን ራሴን ስጠይቅ መልሱ ግልጽ ነበር፦ ያቺ ጎማ እስካልተጣበቀች ድረስ ለአባትህ የምንነግራቸው ሁሉ ውሸት አይሆንም።

ባለፈው እሑድ ደወሉ። ድምፃቸው ከወትሮው ጠንከር ያለ ነበር።

«ሙሉ፣ ጣሊያን እውነተኛውን ሠርቶ፣ አብርሮ፣ ተዋግቶ፣ ተሸንፎ አገሩ ለመግባት አምስት ዓመት ነው የፈጀበት። የኔ ልጅ ስንዝሯን ለመጨረስ ስንት ሊፈጅ ነው?»

ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

«ዓይኔ በርቷል። እሱ ካልመጣ እኔ እመጣለሁ። የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጥሩወርቅ ልጅ ጋር መኪና ላይ እወጣለሁ። እጁን አስታጥበሽ ጠብቂኝ» ብለው ዘጉት።

ማክሰኞ ከመኪና ሲወርዱ መናኸሪያ ላይ የሚያገኛቸው የመጀመሪያ ጎንደሬ «አያ ውብነህ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» ይላቸዋል። እንደዚያ ሊሰሙት አይገባም። መርዶ እንደ ወጉ በቤታቸው፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት ደጃቸው ተሰብስቦ ነው የሚነገራቸው። ሰኞ ማታ ደርቤንና የንስሐ አባታችንን ጠርቼ ይህን ነገርኳቸው። ደርቤ እስከ ጾም መያዣ እንቆይ፣ መኪናውን በሆነ ሰበብ እናስቀርባቸው አለ። እኔ ከእንግዲህ ሰበብ የለኝም አልኩት። አባ «ልጄ፣ ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ቃሉን እኔ እናገራለሁ» አሉ።

አንድ ነገር ለመንኳቸው። በአርባህ እንደ ወጉ የሰጠናቸውን ካፖርትህን ደርበው ነበርና እሱን ትተው እንዲመጡ። አባትህ ያንን ካፖርት ያውቁታል፤ የገዙልህ እሳቸው ናቸው። አባ አፋቸውን ሳይከፍቱ ካፖርቱ ቀድሞ ይናገራል። አባ ወዲያው አወለቁት፤ በነጠላ ብቻ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ደርቤን ያናደደው አውሮፕላኑ ነው። ይዤው እንደምሄድ ስነግረው «እቴ ሙሉ፣ ለቅሶ ቤት መጫወቻ ይዘሽ ልትገቢ? ሰው ምን ይላል?» አለኝ። እኔም ሰው የሚለውን ይበል አልኩት። ባዶ እጃችንን ከሄድን ሰባት ወር ሙሉ አታለላችሁኝ ይሉናል፤ እውነታቸውን ነው። ይዘነው ከሄድን ከነገርናቸው ሁሉ አንዱ እውነት ሆኖ ይቆያል። ትናንት ግን ደርቤ ልኩ የሆነ ካርቶንና ጥጥ አምጥቶ ባንኮኒዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ዛሬ ከሰዓት ጎማዋን አጣበቅኋት። አሁን መስኮቱ ላይ ቆሟል፤ ሙጫው ደርቋል። ልክ አባትህ እንዳሉት ነው።

ቃሉን አባ ይናገራሉ። ከለቅሶው በኋላ፣ ሰው ሲቀንስ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ በእጃቸው አስይዛቸዋለሁ። የታችኛው ክንፍና መቀመጫው የልጅዎ ሥራ ነው፣ የላይኛው ክንፍ የእኔ ነው እላቸዋለሁ። የቱ የማን እንደሆነ ሲያዩት ይለዩታል፤ የአንተ ሥራ ንጹሕ ነው፣ በእኔ በኩል ሙጫ ፈሷል። ልፍቀው ብዬ ነበር፣ ተውኩት። ባል የሠራውን ሚስት ጨረሰችው፤ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ቃል የለኝም።

ስምህን ለማንሣት እየፈራን ሰባት ወር ኖርን። በአባትህ ቤት ስምህ ሲነሣ ጥሩወርቅ ወደ ጓዳ ትገባ ነበር፣ እኔ ስልክ እዘጋ ነበር። ከቅዳሜ ማለዳ ጀምሮ በዚያ ቤት እንደ ልብ ይነሣል፤ ይለቀስበታል፣ ይሳቅበታል። እኔም እስካለሁ ድረስ አነሣዋለሁ። ለዚህ ቃሌን ይዘህብኛል።

ነገ፦ ሱቁን ለፈንታ መስጠት። በማለዳ መናኸሪያ፣ ወደ መካነ ብርሃን የምናልፍበት የደባርቅ መኪና፣ ለአባ፣ ለደርቤና ለእኔ መቀመጫ መያዝ። ካርቶኑ ከላይ አይጫንም፣ ጭኔ ላይ ነው።