የአባታችን ሞተርና የእናታችን ስለት

ለተከበርሽው እህቴ ለእናትዓለም፤ አሰብ።

እታለም፣ በዚያ በሚያቃጥል አገር ጤናሽ እንዴት ነው? ወበቁስ ትንሽ ቀለል አላለላችሁም? ጋሽ አምባቸው ከሥራው ጋር እንዴት ይዞታል? ወለላስ ጥርስ ማብቀሏን ጨረሰች? እኔ ወንድምሽ ደሞዝ ከወገቤ ሕመምና ከድካሜ በቀር ለክፉ አልሰጠኝም። እናታችንም ጉልበቷን ያዝ ያደርጋታል እንጂ ደህና ናት፤ ስምሽን ሳታነሣ ውላ አታድርም። ሳልጽፍልሽ የቆየሁት ጨክኜብሽ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ከፋብሪካ ስወጣ እጄ ብዕር መያዝ ቀርቶ ጉርሻ መጠቅለል አቅቶት ሰንብቷል። ያደከመኝን ልንገርሽና ፍረጅኝ።

ወንድማችን አለበል ጦር ሜዳ የሄደ ጊዜ እናታችን የተሳለችውን ታስታውሻለሽ። ልጄን በሕይወት ብትመልስልኝ የባሌን የመኪና ሞተር ለገዳሙ ጀልባ እሰጣለሁ ብላ ነበር ለገብርኤል። ሴት የማይረግጠው ገዳም ነው፣ አንቺን ምን ያገባሻል ብላት፣ እኔ ባልረግጠው ሞተሬ ይደርስልኛል ብላ አፌን አስያዘችኝ። እንግዲህ ወንድማችን በጥር መጣ፤ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ እዚያው ትቶ። መጣ ከተባለ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ጠበል እንውሰድህ ስትለው፣ ጠበል እግር አያበቅልም ይላታል፤ እሷም ጓሮ ወጥታ ታለቅሳለች። ይባስ ብላ ልጄ ጎዶሎ ሆኖ የመጣው ስለቴን ስላላደረስሁ ነው፣ ሐምሌ ገብርኤል ሳላገባ ካለፈ ቀሪውንም ይወስድብኛል ማለት ጀመረች። እህል አልወርድ አላት። ምን ላድርግ? መፍቻዬን ይዤ ወደ መኪናዋ ሄድሁ።

ፊያቷን ታውቂያታለሽ፤ ቤንዚን በኩፖን የሆነ ጊዜ አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ተናዶ ጓሮ ካቆማት ወዲህ ጭድ ለብሳ የተኛችው። ከኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮዎች እንቁላል ይጥላሉ። ኮፈኗን ከፍቼ ሞተሩን በእጅ ማዞሪያው ባዞረው፣ ወይ ፍንክች! ክዳኑን አውርጄ ሳየው ፒስተኖቹ ከነቤታቸው በዝገት ተጣብቀው አንድ ብረት ሆነዋል። ጣሪያው አያፈስም፤ ታዲያ ውሃው ከየት ገባ? እናታችንን ጠየቅኋት። ደስ እያላት ነገረችኝ እኮ! ለካስ ከተሳለች ጀምሮ በየወሩ በገብርኤል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ጠበል እያመጣች በአፉ ስታጠጣው ኖራለች። አባታችን ቀበሌዎቹ እንዳይነዱበት ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትቶ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበት አልነበር? ያ ክፍት የቀረው፣ በጨርቅ ብቻ የተሸፈነው ቀዳዳ ለእሷ አፉ ነው። ለስለት የተሰጠ ነገር እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው አለችኝ። እታለም፣ ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ዕድሜ ነው እማዬ፣ ብረትም ያረጃል አልኋት። አደራሽን፣ አንቺም ትንፍሽ እንዳትዪ።

ለአለበል ግን ነገርሁት። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ትራሱን ነክሶ ሳቀ፣ ሳቀ፣ እንባው መጣ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በክራንቹ ወጥቶ ሞተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኘሁት።

መቼም የተጣበቀ ሞተር በጉልበት አይሆንም። ነጭ ጋዝና ዘይት ቀላቅለሽ ከላይ ትሞይበትና እስኪሰርግ ትጠብቂያለሽ፤ ከዚያ እንጨት አስደግፈሽ በመዶሻ ቀስ እያልሽ ትነካኪዋለሽ። ከቸኮልሽ ይሰበራል። እኔ ደግሞ ደክሞኝ ስለምገባ እቸኩላለሁ፤ አንድ ቀን እንዲያውም ተናድጄ መዶሻውን ብወረውረው የመኪናዋን የፊት መስተዋት አደቀቅሁት። አለበል፣ አንተ ሂድና ተኛ፣ መዶሻውን ለእኔ ስጠኝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ ፋብሪካ ስውል እሱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ኳ፣ ኳ ሲያደርግ ይውላል። ሦስቱ ፒስተኖች እሺ አሉ። አራተኛው፣ ጠበሉ የተኛበት፣ እምቢ አለ። ተስፋ ቆርጬ በምትኩ ለገዳሙ መጋረጃ እንግዛ ብላት እናታችን አኮረፈችኝ፤ ገብርኤልን ላታልለው ነው ወይ አለችኝ። አንድ ቀን ዝናብ አበስብሶኝ ስገባ አለበል ማዞሪያውን ያዘና አዞረው። ዞረ እታለም! በቁሜ ጭቃው ላይ ዘፍ አልሁ።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን፣ ካርቡራተሩንም ከሣጥኑ አውጥተን መልሰን ገጥመን፣ ከወረታው ነጋዴ ከዓብደላ የጭነት መኪና ባትሪ ተውሰን አስነሣነው። አስነጠሰ፣ ተንፈራገጠ፣ ጓሮውን በጭስ ሞላውና ተነሣ። እናታችን የአባታችሁ ድምፅ እኮ ነው ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ከዚያ ሞተሩን አውርደን፣ ለቀበሌው አሮጌ ብረት ነው ብለን፣ በጋሪ ጭነን ለገብርኤል ዋዜማ ሐይቁ ዳር አደረስነው። አባ ወልደ ዮሐንስ የገዳሙን ጀልባ ይዘው ይጠብቁን ነበር።

እዚያ የሆነውን ስሚ። በመንገድ እንዳይጎዳ ካርቡራተሩን ፈትቼ ለብቻው ጠቅልዬው ነበርና ያ አፉ እንደገና በጨርቅ ብቻ ተሸፍኗል። እናታችን ነጠላዋን አደግድጋ የጠበል ማሰሮዋን ታቅፋ መጣችልሽ፤ ለመጨረሻ ጊዜ ላጠጣው ብላ። ክው አልሁ። አይሆንም ብላት ለምን ማለቷ አይቀርም፤ ያን ብነግራት ደግሞ ስለቷን በገዛ እጇ ስታበላሽ መኖሯን ልታውቅ ነው። ልትሞትብኝ ነው። አባን አየሁ፤ እሳቸው ምኑን ያውቁታል። እጇን ወደ ጨርቁ ስትዘረጋ አለበል ክራንቹን ጣለና በእሷና በሞተሩ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ። እማዬ፣ እሱ ጠግቧል፣ ለእኔ አፍስሺልኝ አላት።

 እናታችን ማሰሮውን አዘንብላ በራሱ ላይ አንጠፍጥፋ አፈሰሰችው። በአንገቱ ወርዶ በተቆረጠው እግሩ ላይ ፈሰሰ፤ አላበሰውም። እኔ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

ሞተሩን ጀልባው ላይ ገጥመንላቸው እየሠራ ነው፤ ጠዋት ወደ ፋብሪካ ስሄድ ከሩቅ እሰማዋለሁ። እናታችን እህል ቀምሳለች። እኔ ግን አሁንም ደክሞኛል፤ ወገቤም አልተወኝ።

ለጋሽ አምባቸው ከነአክብሮቴ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ወለላን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ሰገነት የላክሽላትን ሻሽ አስራ ሰላም ትልሻለች። እናታችን እንትፍ እንትፍ ብላ መርቃሻለች። አለበልም አጠገቤ ተቀምጦ ይህን ስጽፍ እያየ፣ የእኔንም ሰላምታ ጨምርበት ብሎኛል። ከመጣ ወዲህ ለሰው ሰላምታ ሲልክ አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።

ወንድምሽ ደሞዝ
ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 23 ቀን 1975 ዓ.ም.