ከማሽላው ሥር የወጡት ደብተሮች

ሆዴ ሲሳይ፣

ከተለያየን ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ሊገባ መርሳ ላይ ማጉረምረም ጀምሯል። እንደምን አለህ ብዬ እንዳልጀምር መልስ አትሰጠኝም። ስለዚህ የኛን ልንገርህ። ልጅህ ማርታ በቁመት በልጣኛለች፤ ጫማዬን ሳትጠይቀኝ አድርጋ ትወጣለች። ጋራዡን ወንድምህ ከፍቶታል፤ ግን እንዳንተ ሞተሩን በጆሮው ሰምቶ ሕመሙን አያውቅም፣ ፈታቶ ነው የሚያየው። ከአልጋ ሥር በካርቶን ያስቀመጥናቸው ያልተሸጡ መጻሕፍቴ ከስደት ስንመለስ አልነበሩም። ማገዶ ሆነው አመዳቸው ምድጃው ላይ ጠበቀን። አንተ ብትኖር፣ ቢያንስ ለአንድ ሰው ሻይ አፍልተዋል ብለህ ታስቀኝ ነበር። ብቻዬን ስለሆንኩ አለቀስኩ።

የመጀመሪያውን መጽሐፌን ያሳተምን ጊዜ ትዝ ይልሃል? መርሳ የምታስተምርን ሴት ማን ያውቃታል ብለው አሳታሚዎቹ ሲመልሱኝ፣ ራሳችን እናሳትመዋለን ያልከው አንተ ነህ። አዲስ አበባ ሄደን ካርቶኖቹን አውቶቡስ ጣራ ላይ ስንጭን ዝናብ እንዳይመታቸው ጋቢህን አልብሰሃቸው፣ አንተ እስከ ቤት ድረስ ስትንቀጠቀጥ መጣህ። እኔ መናኸሪያ ለመናኸሪያ እየዞርኩ መጽሐፍ ግዙኝ ማለት አፍሬ ስቆም፣ አንተ ጋራዥህ ውስጥ ከዘይት ማጣሪያዎቹ ጎን ደረደርካቸው። ዘይት ሊቀይር የመጣውን ሾፌር ሁሉ አንድ ምዕራፍ ሳታነብለት አትለቀውም ነበር። ከሲሪንቃ እስከ ሐራ ስሜን ያወቁት ባንተ ምላስ ነው።

ከሁሉም የሚናፍቀኝ ግን አነባበብህ ነው። ትምህርትህን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁመህ፣ ጽሑፌን እንዳንተ የመረመረው የለም። ከጆሮህ ላይ እርሳስህን ታወርድና ዳር ዳሩን ትሞላዋለህ። “መርሳ ውስጥ እንዲህ የሚናገር ሰው የለም።” “እዚህ ጋ እንቅልፌ መጣ።” “ጭነት ያለው መኪና ዳገት በአምስተኛ ማርሽ አይወጣም፣ ሰው ፊት አታሳፍሪኝ።” ተናድጄ ሁለት ቀን አኮርፍሃለሁ፤ በሦስተኛው እንዳልከው አስተካክለዋለሁ። አንተም እንዳላየ ሆነህ ታልፈዋለህ።

ያን ክረምት ጦርነቱ ሲደርስብን እኔና ማርታ ወደ ደሴ ሸሸን። አንተ ግራና መንደር ያሉትን እናትህን ይዤ እከተላችኋለሁ ብለህ ቀረህ። እማማ በለጡ ግን ከቤቴ ንቅንቅ አልልም አሉ፤ አንተም እሳቸውን ጥለህ መውጣት አልሆነልህም። የስኳር መድኃኒትህ ማለቁን፣ በጥቅምት ማረፍህን የሰማሁት መንገድ ሲከፈት ነው። ስንሸሽ ሦስተኛውን መጽሐፌን የጻፍኩባቸውን አራት ደብተሮች ጠረጴዛ ላይ ረስቻቸው ነበር። ሌላ ግልባጭ የላቸውም፤ ተመልሼም አላገኘኋቸውም። እውነቱን ልንገርህ፣ ብዙም አልፈለግኋቸው። ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ አልጨበጥኩም። ዳሩን የሚሞላልኝ ሰው ሳይኖር ባዶ ገጽ ያስፈራኛል።

ባለፈው ወር እማማ በለጡ ላኩብኝ፤ የማሽላውን ጉድጓድ ሊከፍቱ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እህሉ እንዳይዘረፍ ከጎተራ ወደ ጉድጓድ ስትገለብጡ፣ በማዳበሪያ የተጠቀለለ ነገር ከሥር አኑረህ ነበር አሉ። ምን እንደሆነ አልጠየቁህም። “ሲሳይ በእጁ የደፈነውን በምን አንጀቴ ልክፈተው ብዬ ነው የቆየሁት” አሉኝ። ጉድጓድ አንዴ ከተከፈተ እህሉ በአንድ ቀን መውጣት አለበትና ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ሲያወጣ ዋለ። መጨረሻ ላይ ደብተሮቼ ወጡ።

ሆዴ፣ የገበሬ ልጅ ሆነህ የማሽላ ጉድጓድ እንደሚግልና እንደሚያልበው እንዴት ረሳህ? እርጥበቱ ማዳበሪያው ውስጥ ገብቶ የእኔ ቀለም ሁሉ ፈሷል። ገጹ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል፤ አንድ መስመር እንኳ አይነበብም። ያንተ እርሳስ ግን አልተነካም። እንቅልፌ መጣ ያልክበት ቦታ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ያስተኛህ ጽሑፍ ግን የለም። ሳቄ መጣ። እማማ በለጡ አበደች ብለው ውሃ አመጡልኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እየጻፍኩ ነው። አንተ የተቆጣኸውን እያነበብኩ ምን ብዬ እንዳስቆጣሁህ አስታውሳለሁ። አንዳንዱ ይመጣል፣ አንዳንዱ እንቢ ይላል፤ ያልመጣውን አዲስ እጽፈዋለሁ።

አራተኛውን ደብተር ሳላስነብብህ ነበር የተለያየነው። ስለዚህ ምንም አላገኝበትም ብዬ ነው የገለጥኩት። ለካ ግራና ሆነህ አንብበኸዋል። ፊደልህ ተንጋዷል፤ ጉልበትህ ላይ አድርገህ ሳትጽፈው አልቀረህም። ባለታሪኬ ሾፌሩ ቤቱ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው የሚሞትበት ገጽ ላይ እንዲህ ብለሃል፦ “ጥሩዬ፣ ይህን ሰውዬ አትግደዪው። ልጁ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችው ነው። ይግባ።”

ከመጽሐፉ ሁሉ ያ ሞት ነበር የምኮራበት። በፊት ብትለኝ ኖሮ አልሰማህም ነበር። ትናንት ግን ቁጭ ብዬ አስገባሁት። መኪናውን አቆመ፣ ወረደ፣ ልጁ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ደጋግሜ አነበብኩት፤ አልሰረዝኩትም።

መጽሐፉ ሲወጣ፣ ሰውየው መሞት ነበረበት የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ለእያንዳንዳቸው ስምህን ጠርቼ እነግራቸዋለሁ፦ ባሌ ሲሳይ ነው ይግባ ያለው።

ያንተው ጥሩዬ