የቅበላው እራት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬም ሥራ። ከዳቦ ቤቱ ስወጣ ዱቄቱ ከቅንድቤ አልለቅ ብሎኛል። ሓጃ ዙሌካ አይተውኝ ሳቁ። «ያ ወለዲ፣ ሳትሸመግል ሸበትህ» አሉኝ። ያ ወለዲ ልጄ ማለታቸው ነው። የቤቱ ባለቤት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ግቢው ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። የእኔ ክፍልና የእሳቸው በአንዲት የመኻል በር ይገናኛሉ። ቁልፍ የላትም፣ ግን አልፌያት አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ፅገ ደወለች። ከስደተኞች ካምፕ፣ በሰው ስልክ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ።»

«የት?»

«ቤትህ ነዋ። ሚስትህ አይደለሁም?»

እሺ አልኳት... ለምን እሺ አልኩ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

እንቅልፍ የለም። የሚያስፈራኝን ልጻፈው እስቲ፣ ሲጻፍ ያንስ እንደሆነ።

ከካምፕ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል። የላትም። መንገዱ ላይ ኬላ አለ። ኬላውን አለፈች እንበል፣ ከተማው ውስጥ ደግሞ ከሻ ነው። ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እያፈሱ መኪና ላይ ይጭናሉ። የካርቱሙ ጦርነት ወደዚህ ከተጠጋ ወዲህ እንግዳ የሆነ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። የተጫነው የት እንደሚደርስ... አንዳንዱን ድንበር ላይ ጣሉት ይባላል። የአንዳንዱ ወሬውም የለ። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ። እሷ ምንም።

ደግሞ ክንፈ አለ። የአገሬ ልጅ ነው። ከገንዳ ውኃ ወደ ሱዳን አብረን ተሻገርን፣ ዳቦ ቤቱም ያስገባኝ እሱ ነው። ታላቅ ወንድሙ በሰሜኑ ጦርነት ወድቆ ቀረ። ትግራይ የሚል ቃል ሲነሳ ተነስቶ ይወጣል። እኔ ደግሞ ካምፕ ዳቦ ሳደርስ ያወቅኳትን የትግራይ ልጅ ባለፈው ጥር አገባሁ። ቄስ ጸለየልን፣ እናቷና ጎረቤቶቿ ነበሩ። ከእኔ ወገን ማንም። ለክንፈ ምን ብዬ እነግረዋለሁ? እሷ ጋ ስሄድ ሌላ ከተማ የምሄድ አስመስዬ «መፋዛ ሥራ አለኝ» እለዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ዛሬ ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሼ መጣሁ። ሌላ ምንም አልለመንኩም... ኬላውን ብቻ አሳልፋት አልኩ።

ምን ላብላት? እነሱ ዘንድ ስሄድ ከእናቷ ጋር፣ ከጎረቤት ጋር፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ነው የምንበላው። ሁለታችን ብቻ ቁጭ ብለን በልተን አናውቅም። አንድም ቀን።

ስቴክ በኑድል። ካርቱም ሆቴል ወጥ ቤት ሳለሁ የምሠራው። ሳህን አጣቢ ሆኜ ገብቼ ሥጋ ጠባሽ ደርሼ ነበር፣ ጦርነቱ ባያስወጣኝ። አንዴ አውርቼላታለሁ። «ሥጋው ገመድ ላይ ይተኛል?» ብላ ስቃብኛለች።

ሥጋው ከየት? የሱቁ የእስላም ሥጋ ነው፣ እሷም እኔም አንበላውም። ደግነቱ እሁድ ጾም ስለሚገባ ቅዳሜ ቅበላ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች በሬ ጥለው ቅርጫ ይካፈላሉ። አራጁ ክንፈ ነው።

ከክንፈ እጅ ሥጋ ተቀብዬ ለእሷ ልጠብስ... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ኑድሉ ተገኘ፣ ያው እንዶሚ። የቅመም ከረጢቷን እጥላታለሁ። ሶያ ሶስ የሚባል ግን የለም። ባለሱቁ ስጠይቀው መድኃኒት መስሎት ወደ ፋርማሲ ላከኝ። እዚህ አረዴብ በሚሉት በሁመር ፍሬ እሞክራለሁ። ጎምዛዛ ነው፣ የተቃጠለ ስኳር ሲገባበት ቀለሙም ይመጣል።

ስመለስ ገበያው መኻል ከሻ ገጠመኝ። ኢቃማዬን አይተው ለቀቁኝ። መኪናው ላይ የጫኗቸውን አየሁ። የአንዷ ነጠላ በጎን ወርዶ አፈር ላይ ይጎተት ነበር። ማንም አላነሳላትም። እኔም አላነሳሁላትም።

አትምጪ ልላት ስደውል ዋልኩ። ኔትወርክ የለም። አሁንም የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ሥጋውን አመጣሁ። «ፍሌቶውን ብቻ ስጠኝ፣ ሌላው ይቅርብኝ» ስለው ክንፈ ቢላዋውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ።

«እንግዳ አለብህ?»

«ኧረ እኔ ማን አለኝ...»

ከጠየቅሁት አብልጦ ነው የቆረጠልኝ። ምን ማለቱ ነው?

ቀትር አለፈ። አልመጣችም።

ጋሪ በቆመ ቁጥር ደጅ እወጣለሁ። ሓጃ ዙሌካ ያዩኛል፣ አይጠይቁኝም።

መጣች።

እሁድ፣ ኅዳር 15

ትናንት ከዚያ በኋላ መጻፍ አልቻልኩም። ከመጀመሪያው ልጀምር።

በሱዳን ቶብ ተጠቅልላ ስትገባ አላወቅኳትም። ኬላውን ያለፈችው ሰሊጥ ቆርጠው ከሚመለሱ ሴቶች መኻል ተቀምጣ ነው። «ወታደሩ ሲያናግረኝ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ጉንጬን ይዤ አቃሰትኩ» አለች። እየሳቀች ነው የነገረችኝ።

ለሓጃ «ሚስቴ ናት» አልኳቸው። ከአፌ ወጥቶ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። አገላብጠው ሳሟት። «ማን ትባላለች?» ፅገ አልኳቸው። «ሰጌ» አሉ፣ ምላሳቸው እምቢ ብሎ። ደግመው ሞከሩ፣ ያው ሰጌ።

ሥጋውን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቁንዶ በርበሬ አሽቼ አሳድሬው... አይ፣ አላደረም፣ ግማሽ ቀን ነው። ካኑኑ ላይ ከሰሉ እስኪቀላ ጠበቅሁ። መጥበሻው ሲጨስ የሰሊጥ ዘይት፣ ከዚያ ሥጋው። ሆቴል አለቃችን «አትነካካው፣ ይተኛ» ይለን ነበር። አንዴ ብቻ ገለበጥኩት። ፅገ አጎንብሳ አየችው።

«ደም አለው።»

«እንዲህ ነው የሚበላው።»

«እነሱ ይብሉት» አለች። ትንሽ አቆየሁላት። ኑድሉን ቀቅዬ አጠለልኩና በአረዴቡ መረቅ አገላበጥኩት፣ የሽንኩርት ቅጠል ጣል አደረግሁበት፣ ላዩን ሰሊጥ በተንኩበት። ሥጋውን በስሱ በስሱ ቆርጬ ከላይ አስተኛሁት። ሁለት ሳህን፣ ሁለት ሹካ። እሷ ካኑኑ ፊት በገመድ አልጋዬ፣ በአንገረቡ ላይ፣ እኔ ጀሪካን ላይ።

የመግሪብ አዛን ገና አልተባለም። ሹካ ሳናነሳ ስልኬ ጮኸ። ክንፈ ነው።

«ከሻ ነው። የእናንተን መንገድ ይዘዋል። ልጅቷን ደብቃት።»

«የቷን ልጅ?»

«ዘማርያም፣ ጊዜ የለም» አለና ዘጋው።

የመኪናው ድምፅ ወዲያው ተሰማ። ፅገ ተነስታ ቆመች። ወዴት ትሂድ? የኔ ክፍል የደጁና የመኻሉ በር ብቻ ነው ያላት፣ በደጁ ደግሞ እነሱ አሉ። የመኻሏ በር ተከፈተች። አልጠራኋቸውም። ሓጃ የፅገን ክንድ ይዘው ወደ ራሳቸው ክፍል አስገቧት። ብቻቸውን ተመለሱና በሩን ዘጉ። ከዚያ መጥተው እሷ የተነሳችበት ላይ፣ ከሳህኗ ፊት ቁጭ አሉ። ለምን እንደሆነ የገባኝ በሩ ሲደበደብ ነው።

ሦስት ሆነው ገቡ። አለቃ የሚመስለው ኢቃማዬን አገላብጦ አየና መለሰልኝ። ሊወጣ ነው ብዬ ስተነፍስ ዓይኑ ሳህኖቹ ላይ አረፈ።

«ሁለት ሳህን» አለ። «ሌላኛው ሰው ማነው?»

ዓይኔን ወደ ካኑኑ መለስኩ።

«እኔ ነኛ» አሉ ሓጃ። «አሮጊት እራት አትበላም ያለህ ማነው?»

«ሓጃ፣ ደግሞ ይሄ ምንድነው?»

«የቻይና ነው ይላል። እኔ ምኑን አውቄው።»

አንደኛው ወታደር ፈገግ አለ። አለቃው ግን አልሳቀም። ሳህኑን አየ፣ እሳቸውን አየ።

«አልተነካም» አለ። «በሉ እንግዲህ፣ ይብሉ።»

ያኔ ነው ሥጋው ትዝ ያለኝ። በአብ በወልድ ተብሎ የታረደ ሥጋ ነው። ሓጃ ያውቃሉ። ለፋሲካ ስሰጣቸው «ለእኛ አይሆንም፣ ያ ወለዲ» ብለው፣ ቅር እንዳይለኝ መርቀው የሚመልሱልኝ ሰው ናቸው። መካ የደረሱ ሰው። ከጠመንጃው ይልቅ ይሄ አስፈራኝ። አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸውን አፈጠጡብኝና ዘጋሁት።

«ቢስሚላህ» አሉ። ሹካውን ገፋ አድርገው በእጃቸው ኑድሉን ከሥጋው ጋር ጠቅልለው ጎረሱ። አላመጡ። አንድ ክር ኑድል አገጫቸው ላይ ተንጠለጠለ፣ በቶባቸው ጠረጉት። ደገሙ።

«ጨው አንሶታል» አሉኝ።

ሰውየው ወደ መኻሏ በር ተራመደ። እጁን ሰደደ።

«የሴት ክፍል ነው» አሉ ሓጃ፣ ቀና ሳይሉ፣ እያላመጡ። «እናትህ ክፍል ወንድ እንዲህ ይገባል?»

እጁ በሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ከዚያ እጁን መለሰ፣ ወጡ። ከጎረቤት ግቢ ሰው ወሰዱ። ሲለምን ሰማነው፣ በአማርኛ ነበር። ድምፁን አላውቀውም።

ሓጃ መኪናው እስኪርቅ ማላመጥ አላቆሙም። ከዚያ ደጅ ወጥተው አፋቸውን ተጉመጠመጡ፣ ደግመው ደጋግመው። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ተነስ። ረቢና ቢሹፍ» አሉኝ። ጌታችን ያያል ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ግን ደከም ብሎ ነበር። «ሚስትህን አብላት፣ ቀዝቅዟል።»

ፅገ ሓጃ ክፍል ካሉት የሰሊጥ ጆንያዎች ጀርባ ተጣጥፋ ነበር። ከእኔ ሳህን ለሁለት በላን። ሥጋው ደርቋል፣ ኑድሉ ተጣብቋል። አጎረሰችኝ።

«እንዲህ አንኖርም» አለች።

ዛሬ ጠዋት ሓጃ የራሳቸውን ቶብ አለበሷት። ሄደች። ስልኩ አይሠራም።

ሰኞ፣ ኅዳር 16

አልደወለችም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

አልደወለችም። ዳቦ አሳረርኩ። ኬላው ተዘግቷል የሚል ወሬ አለ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም።

ክንፈን ዱቄት መጋዘኑ ውስጥ ብቻውን አገኘሁት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ከጥር። መፋዛ ሥራ የሄደ ሰው በደስታ እያፏጨ አይመለስም። አንድ ቀን ካምፕ ድረስ ተከተልኩህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ጆንያውን ተሸከመ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ወንድሜን የገደለችው እሷ አይደለችም። አውቃለሁ። ስሟን ግን አትንገረኝ፣ ዘማርያም። ገና ነኝ።»

ጆንያውን አብሬው አነሳሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ደወለች። ደህና ናት። ኬላው ስለተዘጋ ሰሊጥ ቆራጮቹ ጎጆ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ቆይታ ነው። «ኣይትፍራሕ» አለችኝ። አትፍራ። ማልቀሴን ሰምታለች መሰለኝ።

ሁለተኛ አትመጣም። እንዲህ ከሆነ እኔ ነኛ የምሄድ። ግን እዚያስ? አፌን ስከፍት ጎንደሬነቴ ይታወቃል። ልጅ ያልሞተበት፣ ቤት ያልተቃጠለበት ሰው እዚያ ካምፕ የለም። ዳቦ አራግፎ የሚሄደውን ሰው ታግሰውታል፣ የሚኖረውንስ? ክንፈ ስሟን እንኳ መስማት ካልቻለ፣ እነሱ እኔን በምን አቅማቸው ይችሉኛል?

ዓርብ፣ ኅዳር 27

ካምፕ ገብቼ ከፅገ ጋር ልኖር እንደሆነ ለሓጃ ዙሌካ ነገርኳቸው። «ክፍሏን ለሌላ አላከራያትም» አሉ። ከዚያ ተቆጡኝ፣ ጆንያ ሙሉ ስኳር ካልወሰድህ ብለው።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 6

ካምፕ ከገባሁ ሳምንት አለፈኝ። ከፅገ እናት መጠለያ አጠገብ በሣርና በሸራ አንዲት ጎጆ ሠርተናል። ጎኗ ላይ የጭቃ ምድጃ ጀምሬያለሁ፣ ሲደርቅ ዳቦ እንጋግራለን።

እስከ ዛሬ ውኃ የምትቀዳው ፅገ ነበረች። እኔ ሰው መኻል መቆም ፈርቼ ነው፣ እሷም አውቃ ዝም ብላኛለች። ዛሬ ጀሪካኖቹን ይዤ ራሴ ሄድኩ። ሰልፍ ያዝኩ። ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ ሓይሉ ይባላሉ፣ ሰው ሲጠራቸው ሰማሁ። ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ወዲ መን ኢኻ?» የማን ልጅ ነህ ነው።

ከየት እንደመጣሁ በአማርኛ ነገርኳቸው። ጎንደር የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰልፉ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት ጀሪካኗን ወደ ራሷ ሳበች። ሮጬ ብመለስ ምን ይለኛል አልኩ... እግሬም ዞሮ ነበር።

«ሰብኣይ ፅገ እየ» አልኩ። የፅገ ባል ነኝ። ትግርኛዬ ተሰባብሯል። ግን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፣ ከኋላ ያሉትም ሰምተዋል።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። ልጃቸው ይሁን ወንድማቸው ማን ትዝ እንዳላቸው አላውቅም፣ ዓይናቸው ረጠበ። ከዚያ ዞሩና የራሳቸውን ጀሪካን በእግራቸው ገፋ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

ቀድቼ ተመለስኩ።

ፅገ ከምድጃው ጋ ሆና እየጠራችኝ ነው። በስሜ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ።