ሬንጅ ቀቅዬ ጣራ ደፈንኩ

አሶሳ፣ ግንቦት 19 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለትሩፋት
ማንቡክ

ሰላምታዬ ከኩርፊያሽ ቀድሞ ይድረስሽ። ለወንድምሽ ለጋሼ አብይም እንደዚያው። መምህር ነኝ ብሎ ደብዳቤዬን በቀይ እስክሪብቶ እንዳያርመው ንገሪልኝ፤ እኔ ትምህርቱን የተሰናበትኩት ሰባተኛ ላይ ነው።

ስትሄጂ «ይህ ጣራ ማፍሰሱን ሳያቆም ልጄን እዚህ ቤት አላስገባም» አላልሽም? እኔ ደግሞ «ክልል ከሆንን ወዲህ ውኃ ቤቱ ድረስ የገባለት እኛ ብቻ ነን» ብዬ ሳቅሁ፤ አንቺ ሳትስቂ ወጣሽ። እንግዲህ ስሚኝ፤ ጣራው ተደፍኗል። ያውም በሬንጅ!

ገዛኸው እንዳትዪኝ። ከተማው የሚገባው ሬንጅ ሁሉ ለአዲሶቹ ቢሮዎች ነው። ድሮ መንገድ ሠሪዎች ጥለዋቸው የሄዱት በርሜሎች ከወንዙ ማዶ ዝገው፣ ሬንጁ አሸዋው ውስጥ ሰርጎ የለም? እሱን ቆፍሬ አመጣሁ። መጀመሪያ ያለ ውኃ፣ ደረቁን ድስት ውስጥ ጣድኩት። ጭስ ብቻ! አሸዋው ከነሬንጁ አረረ። ጎረቤታችን እትዬ ዐፊፋ «ሰውዬው ሚስቱ ስትሄድበት አፈር መቁላት ጀመረ» ብላ ለሰፈሩ አወራች።

በከንቱ ከሚቀር ብዬ ለስለስ ያለውን በርጩማችን ላይ ቀባሁት። ያ የባምባሲው ጓደኛዬ ሁንዴሳ አዲስ ሱሪውን ለብሶ መጣ፣ ተቀመጠ፤ ሲነሳ በርጩማው አብሮት ተነሳ።

«ያ ረቢ! አንተ ሰይጣን፣ አሁኑኑ ሱሪዬን ታጥባታለህ!» አለኝ።

ሱሪውን በአመድ ውኃ እያማሰልኩ ቀቀልኩለት። ምን ባይ ጥሩ ነው? ሬንጁ ጥቁር አረፋ ሆኖ ከላይ ተንሳፍፎ፣ አብሮት የነበረው አሸዋ ንጹሕ ሆኖ ከታች ተኝቷል! ተያየን።

«ሱሪዬስ?» አለ።

«ሱሪህ ለአገር ተሠዋ» አልኩት።

ከዚያማ ግማሽ በርሜል ውኃ ጥደን፣ አመድ ጨምረን፣ ያንን ጥቁር አሸዋ እየሞጀርን ማማሰል ነው። አረፋውን በጭልፋ እየገፈፍን (በአንቺ ጭልፋ፤ ሌላ እገዛለሁ) ውኃው እስኪተን ለብቻው በቀስታ አፈላነው። አንዴ ቸኩዬ እሳቱን ባበዛው ገንፍሎ ግራ ቅንድቤን ላሰው። አታስቢ፣ በአንዱም አምራለሁ። ጆንያ እየቀደድን፣ በትኩሱ ሬንጅ እየነከርን፣ የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንን።

ትናንት ከሰዓት ዝናቡ መጣ፤ የአሶሳን ዝናብ ታውቂዋለሽ። የልጃችንን የቢታንያን ፍራሽ ያኔ በራሰበት ቦታ አንጥፌ ቁጭ አልኩ። ቆርቆሮው ሲጮህ፣ ሲጮህ፣ እስኪያባራ ፍራሹን በእጄ ስዳብስ ነበር። ደረቅ ነው። ሁንዴሳ በሩ ላይ ቆሞ «ምነው ዛሬ አንድ ቀልድ እንኳ የለህም?» አለኝ። ስቤ አስገባሁትና እሱንም ፍራሹን አስዳሰስኩት።

የምትነሱበትን ቀን ብቻ ላኪልኝ፤ ነቀምት ድረስ መጥቼ እቀበላችኋለሁ። እግዚአብሔር መንገዱን ያለስልስላችሁ፣ ከክፉ ዓይን ይጋርዳችሁ።

ልጄን ሳሉ ለቀቃት? እሱን ከሁሉ በፊት ጻፊልኝ።

ባልሽ ምስጋና