የደረቀው ዛፍና የእናቴ አልጋ

ለአካባቢው የአረንጓዴ ልማትና ውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኔ 4

ጉዳዩ፦ በእናቴ መኝታ ቤት ላይ ያዘመመው የደረቀ ዛፍ እንዲቆረጥልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ልብስ ሰፊ ነኝ። ከአጥራችን ውጭ፣ በመንገዱ ዳር፣ የመንግሥት የሆነ ዛፍ ደርቆ ቆሟል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ይህ ዛፍ ግን ቅጠል ማውጣት ከተወ ሦስተኛ ክረምቱ ሊገባ ነው። ቅርፊቱ ረግፏል፤ ሥሩ በአንድ ወገን አፈሩን ሰንጥቆ ተነሥቷል። ያዘመመውም ወደ እኛ ነው።

2. ከሥሩ ያለው ክፍል የእናቴ ነው። ግማሽ ጎኗ ስለማይታዘዝላት ካልተሸከምኳት ከአልጋዋ አትነሣም። ወደ ሌላኛው ክፍል እንዳላዛውራት እዚያ ስፌቴና አራት ልጆቼ ተጣበው ያድራሉ። ባለፈው ወር አንድ ቅርንጫፍ ቆርቆሮውን በስቶ ገብቶ ኮርኒሱ ላይ ቀረ። እናቴ ሰው የመጣ መስሏት «ግቡ» አለች። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

3. ወንድሜ ሊቆርጠው ሲነሣ ደንብ አስከባሪዎች ደርሰው፣ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው በማለት መጋዙን ወሰዱበት። ሕግ ነውና አልተከራከርንም። ይኸው መጋዙ ታስሯል፣ ዛፉ ቆሟል። ፈቃድ ብንጠይቅ ጽሕፈት ቤትዎ ዛሬ ነገ ሲለን ከርሞ በስንት ደጅ ጥናት አንድ ባለሙያ ላከልን።

4. ባለሙያው መኪናቸውን ከዛፉ ሥር፣ በእናቴ መስኮት ትይዩ አቆሙ። ወርደው ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ተመልሰው ገብተው መኪናውን እስከ ዳቦ ጋጋሪው በር ድረስ አራቁት። የጻፉት ውጤት ግን «ዛፉ ለጊዜው አሳሳቢ ስላልሆነ ተራውን ይጠብቅ» የሚል ነው። ክቡር ሆይ፣ ከራስ በላይ ነፋስ ነውና መኪናቸውን በማራቃቸው አልፈርድም። የተናደድኩት በጻፉት ነው። እናቴ ጎማ የላትም።

5. ስለዚህ ነፋሱ ሳይበረታ ዛፉ እንዲቆረጥልን፣ ይህ ካልሆነም ወንድሜ በራሱ ድካም እንዲቆርጠው ፈቃዱና መጋዙ እንዲሰጠው በትሕትና እጠይቃለሁ። ሁለቱም የማይቻል ከሆነና ዛፉ በእርግጥ አሳሳቢ ካልሆነ፣ ተራችን እስኪደርስ ድረስ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ባለሙያው መጀመሪያ ባቆሙበት ቦታ እንዲያድር ይታዘዝልኝ። ለጥበቃው አያስቡ፤ እናቴን ለማገላበጥ ሌሊት ስለምነሣ እግረ መንገዴን አየዋለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣
(ፊርማ)
ልብስ ሰፊዋ፣ ከደረቀው ዛፍ ሥር ካለው ቤት